ባቡሩ ሞጆ ቀረ፣ እግረኛው ግን ቀጠለ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ተጠራርታችሁ፣ ቅዳሜ በጠዋት ባቡር ተሳፍራችሁ፣ አንዲት ትንሽ የገጠር ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ፣ ካፊያ እየመታችሁ ቀኑን ሙሉ ጋራ ለጋራ ስትዞሩ ውላችሁ፣ ማታ ከነጭቃችሁ በዚያው ባቡር ተመልሳችሁ ታውቃላችሁ? «በፊልም አይቻለሁ» የሚለው ሳይበዛ አይቀርም። ለወላይታ ልጅ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ቀልድ ነው። ሶዶ ባቡር ጣቢያ የላትም። ቦዲቲም፣ አረካም የላቸውም። ወደ ቢላቴ ወገን ወርዳችሁ ቢጠናን ብትጠይቋትም መልሷ ያው ነው። ለወላይታ የሚቀርበው ሀዲድ ሞጆ ላይ ያለው ነው፤ ሞጆ ደግሞ ከሶዶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ትርቃለች።

ታዲያ ስለሌለ ባቡር ምን ያስጽፋል? የሚያስጽፈው ይሄ ነው፦ ወላይታና ባቡሩ አልተገናኙም እንጂ አይተዋወቁም ማለት አይደለም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ትውውቅ አላቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሞላው ግን እግር ነው። በዝናብም በሐሩርም የተጓዘ፣ በቡድን የተጓዘ፣ ብዙውን ጊዜም ሳይወድ የተጓዘ እግር። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያ እግር ነው። (ዓመተ ምሕረቱ በእኛው አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

እግር መቼ ሽርሽር ሆነ?

በዝናብ ውስጥ ለደስታ ብሎ መሄድ አዲስ ነገር ነው። አያቶቻችን ቢሰሙ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ይገላግሉን ነበር። የፈረንጅ አያቶችም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ አይሉም ነበር። የእንግሊዝ ገበሬ ለዘመናት በጭቃ ሲሄድ የኖረው ሌላ መሄጃ ስላልነበረው ነው። ነገሩን የለወጠው ባቡር ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1841 ቶማስ ኩክ የሚባል ሰው 500 ያህል ሰዎችን ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በአንድ ሺሊንግ በባቡር ወሰደ። የሄዱት ለስካር ተቃዋሚዎች ስብሰባ ነበር። ነገር ግን ተራው ሰው በርካሽ ቲኬት በጅምላ ሄዶ በቀኑ መመለስ እንደሚችል በደንብ ታየ። ቀስ በቀስም የፋብሪካ ሠራተኛው ሳምንቱን በጭስ ሲታፈን ሰንብቶ እሁድ ባቡር ይዞ ገጠር መውረድ፣ በእግሩ መንሸራሸር፣ ማታ መመለስ ለመደ። እግር መንገድ ግዴታነቱ ሲቀር መዝናኛ ሆነ።

በቀላሉ የተገኘ መዝናኛ እንዳይመስላችሁ። የማንችስተር ሠራተኞች ከባቡር ወርደው ጋራውን ሲወጡ «የግል መሬት ነው» ተባሉ፤ ጋራው የመኳንንት የወፍ ማደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ብዙ መቶ ወጣቶች ኪንደር ስካውት የሚባለውን ጋራ ተሰብስበው በግድ ወጡት። አምስቱ ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ሲመጣ የእነሱ ጩኸት ከኋላው ነበር። ለሽርሽር እንኳ ሁለት ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው፦ የሚያደርስ ባቡርና «ከዚህ ውጣ» የማይባሉበት መሬት። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልኝ፤ ወላይታ ስንደርስ እንፈልጋቸዋለን።

1886 እና 1887፦ ወረቀቱና ዘመቻው

መጋቢት 1886 ዓ.ም.። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ። ልብ በሉ፤ ባቡሩ ገና በወረቀት ላይ እያለ ዐይኑ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነበር። ያኔ ከፋ ገና አልተያዘም። ወላይታም ገና በካዎ ጦና ሥር ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር።

ወረቀቱ ዓመት ሳይሞላው ዘመቻው ደረሰ። ክረምቱ አልፎ፣ ወንዙ ጎድሎ፣ ጭቃው ደርቆ ኅዳር 1887 ሲገባ የምኒልክ ጦር ወደ ወላይታ ተነቃነቀ። የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር አብረው ዘመቱ። ዝናብ ባለበት ጊዜ አለመሄዳቸው በአጋጣሚ አይደለም። በዚያ ዘመን የጦር ቀጠሮ የሚቆረጠው በመስከረም ፀሐይ ነበር፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሞላ ወንዝ ከየትኛውም ኬላ ይበልጥ አገር ይጠብቅ ነበር። ወላይታም በበኩሉ በነገሥታቱ ያሠራቸው ኬላዎች ነበሩት፤ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው ኬላ እስከ ዛሬ ይነሣል። ክረምት ሲያልፍ ግን የሚቀረው ኬላውና ሰው ብቻ ነው።

ከጦሩ ጋር ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊ የንግድ ወኪል ነበረ። ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል። ሰውየው የምኒልክ ጠላት አልነበረም፤ ተጋባዥ ነበር። የጻፈው ግን ያማል። ውጊያው በጠመንጃና በጦር መካከል የተደረገ ነበርና የሞተው ብዙ ነው። ካዎ ጦና ቆስለው ተያዙ፣ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ቫንደርሄም እንደጻፈው የንጉሠ ነገሥቱ ድርሻ ብቻ 18,000 ከብትና 1,800 ምርኮኛ ነበር።

እንግዲህ ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ በቡድን የተደረገ፣ በጽሑፍ ተመዝግቦ የቆየ ትልቅ የእግር ጉዞ የምትሉኝ ከሆነ ይኸውላችሁ። የተጓዙት ሴቶች፣ ልጆችና የተማረኩ ወንዶች ናቸው። ከእነሱ ጋር የሚነዳው ከብት ምናልባት ከመንገደኛው ይበልጥ ይቆጠር ነበር። በዚያው ዓመት አካባቢ የተፈረመው የባቡር ወረቀት ውስጥ «እስከ ከፋ» የሚል ቃል ነበረ፤ ሰዎቹ ግን በእግራቸው ሄዱ። ሀዲዱ ጥቅምት 1890 ከጅቡቲ መዘርጋት ጀመረ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። እዚያም ቆመ። ሦስተኛው ክፍል ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ስለ መንገድ የምናወራ ከሆነ መንገዱን ማን በምን ሁኔታ ረገጠው ብለን መጠየቅ ስላለብን ነው። አድዋ የተዘመተው ከዚህ ዘመቻ ብዙም ሳይርቅ ነው። ስለ አድዋ መንገደኞች እንዘምራለን፤ ደግ አደረግን። የ1887ቱን መንገደኞች ግን የሚያነሣቸው ጥቂት ነው።

ለገሃር ወርዶ ወላይታ

አሁን ወደ 1920 ዓ.ም. እንሻገር። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ አሥር ዓመት አልፎታል። ከተማውም የፈረንሳይኛውን «ላ ጋር» ለገሃር ብሎ የራሱ አድርጎታል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጃል። ባቡሩ ማታ ማታ አይሄድም ነበርና ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ክረምት ላይ ጎርፍ ሀዲዱን ከጠረገው ደግሞ ሦስቱ ቀን ስንት እንደሚሆን እግዜር ይወቅ።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩ ጥቂት ሚሲዮናውያን በዚሁ ባቡር አዲስ አበባ ገቡ። ላምቢ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም፤ ቀደም ሲል ወለጋ ሠርቷል፣ ጉለሌ ላይም ሆስፒታል አቋቁሟል። በዚህኛው ጉዞ የመጡት በሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ስም ነበር። ሐሳባቸው ጅማ ነበር። የካቲት መጨረሻ ላይ በበቅሎ ከአዲስ አበባ ወጡ። መንገዱ ግን ሌላ ቦታ አደረሳቸው፤ ከምባታ፣ ወላይታና ሲዳሞ ቀሩ። ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ የተተከለው ጣቢያ የክሊኒክና የሆስፒታል ዘር ሆነ። ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሆስፒታል ሕዝቡ «ኦቶና» የሚለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ «በባቡር ተደርሶ፣ ከጓደኞች ጋር፣ በዝናብ ገጠር ለገጠር» የሚለው ነገር ለወላይታ ታሪክ በጣም የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። ወቅቱን አስተውሉ። የአዲስ አበባ ሰው የካቲት ሲል በጋ ነው፤ ዝናብ በሰኔ ነው የሚመጣው ብሎ ያስባል። ወላይታ ግን ሁለት ዝናብ ያላት አገር ናት። በልጉ ከየካቲት ማብቂያ አንሥቶ መጋቢትንና ሚያዝያን ይዞ ይሄዳል፤ ክረምቱ ይከተላል። በየካቲት መጨረሻ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ወደ በጋ ሳይሆን ወደ ዝናብ ነው የሚጓዘው።

በቅሎ ያለው ሰው በዝናብ መጓዙ ያስቸግረዋል። በቅሎ የሌለው ግን ይበልጥ ይቸገራል። በዚያ ዘመን አንድ የፈረንጅ ጓዝ ሲነሣ ምን ምን እንደሚነሣ አስቡት፦ ድንኳን፣ አልጋ፣ የመድኃኒት ሣጥን፣ መጽሐፍ፣ የወጥ ቤት ዕቃ። ጭነቱን የሚጭን፣ የሚያራግፍ፣ በቅሎዋ ማጥ ውስጥ ስትገባ ጅራቷን ይዞ የሚያወጣ፣ ማታ ድንኳን የሚተክል፣ እርጥብ እንጨት እፍ እያለ እሳት የሚያነድ ሰው አለ። ይህ ሰው የሚሄደው በእግሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በባዶ እግሩ። የደጋው ሰው ገሳ ይደርባል። ወላይታ ሲደርስ ደግሞ የእንሰት ቅጠል ተቆርጦ ጃንጥላ ይሆናል፤ ርካሽ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ሲቀደድ ሌላ ይቆረጣል።

ሌላም ያልተጻፈ መንገደኛ አለ። በዚያ ዘመን የመንግሥት የፈቃድ ወረቀት የያዘ እንግዳ በደረሰበት ሁሉ ድርጎ ይቀርብለታል፦ እንጀራ፣ በግ፣ ዶሮ፣ ዕንቁላል፣ ለበቅሎው ገብስ። ድርጎውን የሚያወጣው ሹሙ አይደለም፤ ገባሩ ነው። ገባር ማለት ከ1887 በኋላ መሬቱ ከነሱ ለነፍጠኛና ለሹም የተደለደለበት ገበሬ ነው። እህል ይሰፍራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የሹሙን ቤት ያጥራል፣ ሲታዘዝም የሹሙን ጭነት ተሸክሞ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ በዝናብ መካከል አንድ ደግ እንግዳ ድንኳኑ ውስጥ ሞቆት ራቱን ሲበላ፣ ያ ራት በዚያው ዝናብ በእግሩ ያመጣው ባለቤት ነበረው። የተጓዦችን መጽሐፍ ስናነብ የጓደኞቹን ስም እናገኛለን፤ አንዳንዴ የበቅሎዋንም ስም እናገኛለን። በጉን ጎትቶ ያመጣው ሰውዬ ግን አብዛኛውን ጊዜ «አንድ የአገሬው ሰው» ነው።

እነዚያ እንግዶች ክፉ ነበሩ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ኦቶና ሆስፒታል የዳነው ሰው ልጅ ልጅ ሆኖ ይህን የሚያነብ አይጠፋም። የምለው፣ አንድ ጉዞ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ጉዞ አለ ነው። አንዱ ይጻፋል፣ አንዱ ይራመዳል።

ተራው ሲገለበጥ፦ ወደ ባቡሩ

ከዚያ ታሪኩ አቅጣጫውን ቀየረ። ከባቡሩ ወደ ወላይታ የሚመጣው ጥቂት ሆኖ፣ ከወላይታ ወደ ባቡሩ የሚሄደው በዛ።

በ1946 የደቹ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ከናዝሬት በስተደቡብ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ከፈተ። በኋላ መተሐራ ላይ ሌላ ፋብሪካ ተከተለ። መተሐራ የባቡሩ ፉጨት የሚሰማበት ከተማ ነው። የአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎችም እየሰፉ ሄዱ። ሸንኮራ የሚቆርጥ፣ ጥጥ የሚለቅም እጅ ተፈለገ። የመጣውም በብዛት ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ነው።

ለምን መጡ? ወላይታ በኢትዮጵያ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። መሬቱ ለም ነው፤ ግን ለአንድ አባት የበቃው ማሳ ለአምስት ወንድ ልጅ ሲከፈል ጓሮ ይሆናል። በዚያ ላይ ግብርና የባለመሬት ድርሻ አለ። ስለዚህ የአንድ መንደር ጎረምሶች ተጠራርተው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ይነሣሉ። ገንዘብ ያለው በጭነት መኪና ላይ ይሰቀላል፤ የሌለው በእግሩ ይጀምርና የሚያደርሰውን ያህል ይሄዳል። ከጓደኛ ጋር መሄድ እዚህ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ወባ ከያዘው የሚያስታምመው፣ ከሞተ ለእናቱ የሚነግራት እሱ ነው።

ይህን ጉዞ «ሽርሽር» የሚለው የለም። ግን የሽርሽር ነገር ጨርሶ የለውም ለማለትም ይከብዳል። መስከረም መጥቶ ወላይታ ጊፋታን ስታከብር፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ የክረምቱ ዝናብ እያባራ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ በሥራ ርቆ የከረመው ልጅ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ፣ ለራሱ ጫማ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይጎርፋል። ጭቃው ጫማውን እንዳያበላሽበት ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ የሚሄድ ጎረምሳ አስቡ። መንደሩ ጫፍ ሲደርስ እግሩን ወንዝ ታጥቦ ያጠልቀዋል። እኔ በዝናብ ውስጥ የተደረገ ደስ የሚል የቡድን ጉዞ ንገረን ብትሉኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ ይኼ ነው። መመለሻ ያለው ጉዞ ስለሆነ።

ከተሜው ወጣትስ ገጠርን በእግሩ ያየው መቼ ነው? በጅምላ ያየው በታኅሣሥ 1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። ስድሳ ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ በየአውራጃው ተበተነ፣ ወላይታንም ጨምሮ። ብዙዎቹ ስለ ገባር በመጽሐፍ ያነበቡትን በጭቃ ውስጥ ቆመው አዩት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ባለመሬትና ጭሰኛ የሚባለው ነገር በሕግ አበቃ። ከላይ «ያዙልኝ» ካልኳችሁ ሁለት ነገሮች አንዱ፣ «ከዚህ ውጣ» የማይባሉበት መሬት፣ ቢያንስ በወረቀት በዚያን ቀን መጣ። (መሬቱ ለባሰ ሕዝብ እየተከፈለ ማነሱ አልቆመም፤ የዘመቻውም መጨረሻ ብዙ ደም አለበት። ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው።) ሁለተኛው ነገር፣ ባቡሩ፣ አልመጣም።

አረንጓዴው ያታልላል

ወደ ዝናቡ ልመልሳችሁ። ወላይታን በሚያዝያ ወይም በግንቦት ያየ ሰው ገነት ነው ይላል። እንሰቱ ከዝናቡ በኋላ ያበራል፤ በቆሎው ጉልበት ደርሷል፤ ዳሞታ ጭጋግ ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። ፎቶ ለማንሣት ከዚህ የሚሻል ጊዜ የለም። ለገበሬው ግን ያ ጊዜ ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ነው። ያለፈው እህል አልቋል፤ አዲሱ ገና ቅጠል ነው። ይህን ክፍተት የሚያሻግረው ስኳር ድንችና እንሰት ነው። በልጉ ከዘገየ ወይም ከቀረ፣ ስኳር ድንቹም ካልያዘ፣ ክፍተቱ ገደል ይሆናል። ወደ ቢላቴ ቆላ በወረዳችሁ ቁጥር ደግሞ ዝናቡ እየሳሳ ስለሚሄድ እንደ ቢጠና ባለው አካባቢ ነገሩ ይብሳል።

«አረንጓዴ ረሃብ» የሚባለው ይኼ ነው። በ1992 ደርሷል፣ በ2000 ደርሷል። በ2000 በልጉ ቀርቶ፣ በኋላ ዝናቡ ሲመጣ አገሩ በሙሉ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ወደ ጤና ጣቢያ ይመጡ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ጋዜጠኛ ግራ ይገባዋል፤ ረሃብ ማለት ለእሱ የተሰነጠቀ መሬትና የከብት አጥንት ነው። እዚህ ግን ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ዝናብ ለመንገደኛው መልክአ ምድር ነው፤ ለባለማሳው ግን ቀጠሮ ነው። ቀጠሮውን አክብሮ ከመጣ ጥጋብ፣ አርፍዶ ከመጣ አረንጓዴ ረሃብ።

ሲበዛስ? ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎረቤት ጎፋ ዞን በኬንቾ ሻቻ የተከታተለ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ቀበረ። ከቀበራቸው ውስጥ በመጀመሪያው ናዳ የተያዙትን ለማውጣት በእግራቸው እየሮጡ የደረሱ ጎረቤቶች ብዙ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በወላይታ ኪንዶ ዲዳዬም መሬት ተንሸራቶ ሰው ሞተ። የተራራ ጥግ የሚታረሰው ሜዳው ስላለቀ ነው። ስለዚህ በክረምት ተራራ ላይ መንሸራሸር ስናስብ፣ ያ ተዳፋት የአንድ ሰው ማሳም፣ ቤትም፣ ስጋትም መሆኑን ማስታወስ አይከፋም።

ሀዲዱ የታሰበባቸው ጊዜያት

ወላይታ በባቡር ካርታ ላይ አልታሰበችም ብንል እንዋሻለን፤ ታስባለች፣ ደጋግማ ታስባለች። በ1886ቱ ፈቃድ ሀዲዱ እስከ ከፋ ሊሄድ ነበር። በ1950ዎቹ የሲዳሞን ቡና ለማውጣት ከናዝሬት እስከ ዲላ ሊዘረጋ ታስቦ ቀረ፤ ያ ቢሆን እንኳ ወደ ሶዶ ይጠጋ ነበር። ኅዳር 2000 የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ቀጥሎ በወጣው የአገር አቀፍ መረብ ዕቅድ ውስጥ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ አድርጎ ወደ ኮንሶ የሚወርድ መስመር ተሰመረ። ካርታውን የዘረጋ ሰው በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ መካከል ያለችው ማን እንደሆነች ያውቃል።

በዚያው ዓመታት አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ መሮጡን አቆመ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። ሞጆ ደረሰ፤ እንደ አባቱ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ታጠፈ። ወደ ደቡብ የሚታጠፈው አስፋልቱ ነው፤ እሱም የወላይታን ልጅ በአውቶቡስና በአይሱዙ ያመላልሳል።

«ባቡር ለምን ያስፈልጋል? መኪና አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ባቡር ለቱሪስት ሽርሽር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። ባቡር ማለት ግን ስኳር ድንቹና ዝንጅብሉ ሳይበላሽ ገበያ መድረሱ ነው፤ በልግ ሲቀር እህል በርካሽ ዋጋ በፍጥነት መምጣቱ ነው፤ ለሥራ የወጣው ልጅ በዓመት አንዴ በጊፋታ ሳይሆን በየወሩ መምጣት መቻሉ ነው። ቶማስ ኩክ በአንድ ሺሊንግ የሸጠው መቀመጫ ብቻ አልነበረም። ሄዶ መመለስን ነው የሸጠው።

ለዛሬ ተጓዦች

አሁን በየከተማው የእግር ጉዞ ማኅበር በዝቷል። ቅዳሜና እሁድ ቦርሳ አንጠልጥሎ ተራራ መውጣት ፋሽን ነው። ደግ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ዳሞታ ወደ 2,900 ሜትር ከፍ ይላል። ቀኑ ከጠራ ከላይ ሆናችሁ አባያ ሐይቅን ታያላችሁ። ዝናብ ከያዛችሁ ምንም አታዩም፤ ጓደኞቻችሁን ታያላችሁ፣ እሱም አይከፋም።

ስትወጡ ግን ከላይ የሚወርዱ ሰዎች ታገኛላችሁ። እንጨት የተሸከመች እናት፣ ሣር የተሸከመ ልጅ፣ ገበያ የሚወርድ ሽማግሌ። እነሱም በቡድን ናቸው፣ እነሱንም ዝናብ መቷቸዋል፣ እነሱም ይቀልዳሉ። ልዩነቱ አንድ ነው፦ እናንተ ነገ ላለመሄድ ትችላላችሁ። መንገድ ልቀቁላቸው፤ ሸክም ያለው ይቅደም። ማሳቸውን በአጥር ዙሩት እንጂ አትርገጡት። ሰላም በሏቸው፣ ከቻላችሁ ደግሞ ስማቸውን ጠይቁ። ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት ማለቴ ነው።

በ1887 በዚህ አገር የሄዱትን ስማቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። በ1920 ጭነቱን ያነሡትን፣ ድርጎውን ያወጡትን፣ በኋላ ወንጂ ድረስ የተጓዙትን ጎረምሶችም እንዲሁ። ታሪክ ጸሐፊ ሁሉን ሊመዘግብ አይችልም። የአያቶቻችንን መንገድ ግን ገና በሕይወት ያሉ አባቶችና እናቶች ያውቁታል፤ የት እንዳደሩ፣ የትኛው ወንዝ ስንት ቀን እንዳስጠበቃቸው፣ ከማን ጋር እንደሄዱ። ሽርሽሩን ወደዚያ አድርጉት። የወንጂ ተመላሽ አያት ያለው ሰው ሞልቷል፤ ሄዳችሁ ጠይቁና ጻፉ። ባቡሩ ሲመጣ ይመጣል፤ አያት ግን አይጠብቅም።

ቸር እንሰንብት።